የሕፃን አፍ ላይ ጂቪ ይቀባል ወይ?

ጥያቄው፦ «የምጽፍልህ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ልጄ 5 ወሩ ነው። ምላሱና ጉንጩ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣበት፤ ጡት ሲጠባ ያለቅሳል። እናቴ ከፋርማሲ ወይን ጠጁን መድኃኒት፣ ጂቪን ገዝታ በጥጥ እየቀባችው ነው። ከጀመርን 10 ቀን ሆነን። ጠርሙሱ 1 በመቶ ይላል። የትልቁ ልጄ እግር ባለፈው ሳምንት በሞተር ጭስ ማውጫ ተቃጥሎ እሱንም ቀባችው። የባሌ ወንድም ኬሚስትሪ አስተማሪ ነው። ‹ይሄ እኮ ላብራቶሪ ውስጥ አሲድ የምንለይበት ቀለም ነው፤ ሕፃን አፍ ውስጥ መርዝ ትቀባላችሁ እንዴ?› ብሎ ቤቱን አመሰው። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ካንሰር ያመጣል ሲሉ ሰማሁ። እናቴ ግን እኛን ሁላችንንም ያሳደገችው በሱ ነው። ማንን ልስማ? ሶፋዬን የነካውስ በምን ይለቃል?»

መልሱን አስቀድሜ ልስጥሽ። 1 በመቶውን ጂቪ ከዛሬ ጀምሮ ከሕፃኑ አፍ አቁሙ። ነገ ጠዋት ልጁን ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ጠርሙሱንም ይዘሽ ሂጂ። 10 ቀን ተቀብቶ ያልለቀቀ ነጭ ነገር ወይ መጀመሪያውኑ ፈንገስ አይደለም፣ ወይ አቀባቡ ልክ አይደለም፣ ወይ ደግሞ እንዲመላለስ የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ። ሦስቱንም ቤት ውስጥ ሆነሽ መለየት አትችይም። የትልቁን ልጅ እግርም ከእንግዲህ አትቀቡት።

ማንን ልስማ ላልሽው፣ ሦስቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ችግሩ እያንዳንዱ የያዘውን ግማሽ ሙሉ አድርጎ መከራከሩ ነው።

ከአስተማሪው ልጀምር። ጂቪ የምንለው ጄንሺያን ቫዮሌት ቀለም ነው፤ እሱ ላይ አልተሳሳተም። በፋብሪካ የተሠራ ማቅለሚያ ነው። ዋናው ንጥረ ነገር ክሪስታል ቫዮሌት ይባላል። የቅርብ ዘመዱ ሜቲል ቫዮሌት በ1861 ፈረንሳይ ውስጥ ሲሠራ ማንም ስለ ቁስል አላሰበም፤ የታሰበው ጨርቅ ማቅለም ነበር። ክሪስታል ቫዮሌት ራሱ በ1883 ጀርመን ውስጥ ተሠራ። በዓመቱ ሃንስ ክርስቲያን ግራም የተባለ የዴንማርክ ሐኪም ባክቴሪያን በማይክሮስኮፕ ለማየት ተጠቀመበት። ዛሬም ድረስ የትኛውም ሆስፒታል ላብራቶሪ ብትገቢ ባክቴሪያን በሁለት ወገን የሚለየው የግራም ምርመራ የሚጀምረው በዚሁ ቀለም ነው። በ1890 ደግሞ ያኮብ ስቲሊንግ የተባለ የዓይን ሐኪም ጀርም ይገድላል ብሎ ለሕክምና አቀረበው። የሚገርመው፣ ዛሬ «ዓይን አጠገብ እንዳታደርሱት» ብለን የምናስጠነቅቅበትን ነገር ለሰው ያስተዋወቀው የዓይን ሐኪም መሆኑ ነው።

አሲድ ይለይበታል ማለቱም ልክ ነው። በጣም ኃይለኛ አሲድ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይቀየራል፤ ከወይን ጠጅ ወደ ሰማያዊ፣ ወደ አረንጓዴ፣ በመጨረሻም ወደ ቢጫ ይሄዳል። ግን ይሄ የሚሆነው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ2 በታች ሲወርድ ነው፤ ቢጫ የሚሆነው ደግሞ ዜሮ አካባቢ ነው። ሎሚ ብትጨምቂበት እንኳ ቢበዛ ወደ ሰማያዊ ያደላል እንጂ ወይን ጠጅነቱን አይለቅም። የባትሪ አሲድ ነው ቢጫ የሚያደርገው። የሕፃን አፍ ደግሞ ፒኤቹ 7 አካባቢ ስለሆነ ቀለሙ እዚያ ምንም አይለወጥም፤ ስለ አሲድም የሚነግርሽ ነገር የለም። የመድኃኒት ጥራት መመርመሪያ ክፍሎችም ይህን ቀለም ይዘውታል፤ አንዳንድ መድኃኒት በውስጡ ያለው መጠን ልክ መሆኑን ሲለኩ የሚጠብቁት የሱን መለወጥ ነው። ስለዚህ «ላብራቶሪ ውስጥ አለ» ማለት «መርዝ ነው» ማለት አይደለም። ጨውም ላብራቶሪ ውስጥ አለ።

እሱ መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነገር ነው፤ «ስንት በመቶ ነው?» የሚለውን። የናንተ ቤት ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለሕፃን አፍ የሚፈቅደው 0.25 በመቶውን ነው። ለቆዳ 0.5 በመቶ። እናትሽ የያዘችው 1 በመቶ ነው። ለአፍ ከሚፈቀደው አራት እጥፍ ማለት ነው። የአፍ ውስጠኛው ሥጋ እንደ እጅሽ ቆዳ መከላከያ የለውም፤ ስስ ነው፣ እርጥብ ነው። ጠንከር ያለ ጂቪ ሲደጋገምበት ይቆስላል፣ ይላጣል። አንዳንዱ ጠርሙስ ውስጥ አልኮልም አለበት፤ የተላጠ አፍ ላይ ያቃጥላል። ሕፃኑ ሲውጠው ጉሮሮው የተቆጣበት ጊዜም አለ። እና ልጅሽ ጡት ሲጠባ የሚያለቅሰው ከፈንገሱ ሊሆን ይችላል፤ አሁን ግን ከጂቪው ሊሆንም ይችላል። እናትሽ ልቅሶውን አይታ «አልለቀቀውም» ብላ ጨምራ ትቀባለች። ያ ደግሞ ይበልጥ ያቆስለዋል።

ሌላው ቀለሙ ራሱ የሚሠራብን ነገር ነው። ጂቪ የነካውን ሁሉ ያቀልማል። ፈንገሱን ያቀልማል፣ ጤነኛውን ሥጋ ያቀልማል፣ ጥርስ ካለ ጥርስ፣ ያንቺን ጡት፣ የእናትሽን ጣት። ሰው አፉ በሙሉ ወይን ጠጅ ሲሆን «መድኃኒቱ ያዘለት» ይላል። አልያዘም፤ ቀለም ነው ያየሽው። ይባስ ብሎ ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል። ሐኪም አፍ ከፍቶ የሚፈልገው ቅላት፣ መድማት፣ ነጩ ነገር የት የት እንዳለ ነው። ተቀብቶ የመጣ ልጅ ላይ ይሄ አይታይም። እኔ ጋ እናቶች ልጃቸውን አሳዪኝ ስላቸው የሚከፍቱልኝ አፍ ብዙ ጊዜ ከምላስ እስከ ላንቃ ጥቁር ወይን ጠጅ ነው፤ ከንፈሩ ዳር የደረቀው ደግሞ በብርሃን ወርቃማ አረንጓዴ ያንጸባርቃል። እዚያ ላይ እኔ ብቻ ሳልሆን ማንም ቢያይ ምንም ሊል አይችልም። ስለዚህ ነገ ከመሄድሽ በፊት አትቀቡት። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ግን እሱን ብለሽ ጉዞውን አታዘግዪ።

አሁን ወደ ነጩ ነገር። ሕፃን ምላስ ላይ ነጭ ነገር ያለ እንደሆነ ሁሉ ፈንገስ አይደለም። የወተት ቅሪት ምላስ ላይ ብቻ ይቀመጣል፤ ንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ ጣትሽ ላይ ጠቅልለሽ፣ በውኃ አርጥበሽ ስትጠርጊው ይለቃል። ሥሩ ጤነኛ ሮዝ ነው። የአፍ ፈንገስ፣ ነርሶች ትረሽ የሚሉት፣ የረጋ ወተት ይመስላል ግን አይለቅም። ምላስ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ጉንጭ ውስጥ፣ ድድ ላይ፣ ላንቃ ላይ ይወጣል። በግድ ብትፍቂው ሥሩ ቀይ ነው፣ ሊደማም ይችላል። ስለዚህ አትፍቂው። አንቺ ጉንጩ ውስጥም አለ ስላልሽ ፈንገስ ነው ብዬ እገምታለሁ። ግምት ግን ምርመራ አይደለም።

ፈንገስ መሆኑ ከተረጋገጠ የመጀመሪያ ምርጫዬ ኒስታቲን ነው። የሚጠጣ ፈሳሽ ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሺህ ዩኒት ያለበት። የተለመደው አሰጣጥ 1 ሚሊ በቀን 4 ጊዜ ለ7 ቀን ነው። ጠርሙሱን በደንብ ናጪው፤ መድኃኒቱ ሥር ይዘቅጣል። ጡት ካጠባሽው በኋላ ስጪው። አንድ ጊዜ ጉሮሮው ውስጥ ጭልጥ አታድርጊው፤ ግማሹን በአንዱ ጉንጭ፣ ግማሹን በሌላው ጉንጭ ውስጥ አንጠብጥቢ። ይሄ መድኃኒት የሚሠራው ሥጋውን በመንካት ነው፤ ሆድ ከገባ በኋላ አፍ ላይ ላለው ፈንገስ አይጠቅምም። ነጩ ሲጠፋም ወዲያው አታቁሚ፤ ሁለት ቀን ጨምሪበት። ቀለም የለውም፣ አያቆስልም፣ ብዙ ልጆች ጣዕሙን አይጠሉትም። ለዚህ ነው የምመርጠው።

ኒስታቲን ከገበያ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ አውቃለሁ። ያኔ ጂቪ ሊታዘዝልሽ ይችላል። በትክክል ከተያዘ ይሠራል፤ ፈንገሱንም ይገድለዋል። እናትሽ «ያሳደግኳችሁ በሱ ነው» ስትል የምትዋሽ አይደለችም። ግን 0.25 በመቶ ይሁን። ባለ 0.5 ከሆነ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እኩል በእኩል ይቀጠናል። ባለ 1 ከሆነ፣ አንድ እጁ ጂቪ ሦስት እጁ ውኃ ነው፤ 5 ሚሊ ጂቪ ከ15 ሚሊ ውኃ ጋር። ይሄንን በዓይን ግምት አትሥሩት። ቀለሙ ቀጠነ አልቀጠነ በዓይን አይታወቅም፤ ሁለቱም ጥቁር ነው የሚመስሉት። ፋርማሲስቱን «አቅጥነህ ስጠኝ፣ በመቶኛውን ጻፍበት» በይው። ሥራው ነው።

አቀባቡ እንዲህ ነው። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ጣትሽ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ፣ ጨው ባለው ውኃ አርጥበሽ አፉን ቀስ ብለሽ ጥረጊው። ከዚያ ነጩ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ፣ በጥጥ ጫፍ፣ ስስ አድርገሽ ንኪ። አፉን በሙሉ መለቅለቅ አያስፈልግም፤ ጉሮሮው ጋ አታድርሺው። በቀን 4 ጊዜ፣ 7 ቀን። በ7 ቀን ካልጠፋ ስምንተኛ ቀን የለም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። እናንተ 10 ቀን ላይ ናችሁ።

ሌላ የሚረሳ ነገር አለ፤ አንቺ። ልጁ ፈንገሱን ጡትሽ ላይ ያስቀምጠዋል፣ አንቺ መልሰሽ ትሰጪዋለሽ። የጡትሽ ጫፍ የሚያቃጥል፣ የሚላጥ፣ የሚያሳክክ፣ ካጠባሽ በኋላ ወደ ውስጥ የሚወጋሽ ከሆነ ተናገሪ፤ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ካልታከማችሁ አይለቅም። ጡጦና ማስታገሻ ጎማ ካለው በየቀኑ 10 ደቂቃ አፍልተሽ አድርቂው። ልጁ ሰሞኑን አንቲባዮቲክ ወስዶ እንደሆነም ንገሪያቸው፤ የአፍ ፈንገስ ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እየጠፋ እየተመለሰ የሚያስቸግር ከሆነ የኤችአይቪ ምርመራ ሊያቀርቡልሽ ይችላሉ። አትደንግጪ፣ አትቆጪ። የተለመደ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ምንም ሆነ ምን ማወቁ ይጠቅማል።

ነገን ሳትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርተሽ ሆስፒታል የምትሄጂው፣ ጡት መያዝ እምቢ ካለ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካተኮሰው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ስትቀሰቅሺው ዝልፍልፍ ካለ ነው። ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ዳይፐሩም ቀኑን ሙሉ ደረቅ ከሆነ እንደዚያው። በድሬ ሙቀት ጡት ያልጠባ ሕፃን ውኃ ለማለቅ ጊዜ አይፈጅበትም።

ካንሰሩ። ቲክቶክ ላይ የተባለው ከዜሮ የመጣ ወሬ አይደለም፤ ግን ተጋኗል። ጄንሺያን ቫዮሌትን በምግባቸው ውስጥ እስከ 24 ወር የተመገቡ አይጦች ላይ የጉበት ዕጢ ታይቷል፤ መጠኑ በጨመረ ቁጥር ዕጢውም ጨምሯል። ይህን ይዞ የካናዳ ጤና መሥሪያ ቤት በ2019 ሕዝቡ ይህን ቀለም የያዙ የሰውና የእንስሳት መድኃኒቶችን መጠቀም እንዲያቆም አሳሰበ። አሜሪካ ውስጥ የእንስሳት መኖ ላይ መጨመር ክልክል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም «ምናልባት በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» በሚለው ምድብ፣ 2ቢ ውስጥ አስቀምጦታል። እዚያው ምድብ ውስጥ የሙሉ ሬት ቅጠል ጭማቂም አለ፤ ሰፈር ውስጥ ስንት ሰው እየፈጨ እንደሚጠጣው አንቺም ታውቂያለሽ።

ይሄ ምን ማለት ነው? ሰው ላይ፣ ለጥቂት ቀን አፉን የተቀባ ሕፃን ላይ ካንሰር አመጣ የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። እናትሽን «በካንሰር አሳደግሽን» ብሎ ማሸማቀቅ ግፍ ነው። በዚያው ልክ ግን ሌላ የሚሠራ መድኃኒት እያለ፣ ሕፃኑ የሚውጠውን ነገር እንዲህ ያለ ጥያቄ ካለበት ቀለም ጋር ማያያዝ ምን አስፈለገ? የኔ አቋም ይሄው ነው። ኒስታቲን ካለ ኒስታቲን። ከሌለ ቀጭኑ ጂቪ፣ ለ7 ቀን ብቻ። «ለማንኛውም» እየተባለ፣ ጤነኛ አፍ ላይ ወይም በየወሩ መቀባት ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።

የትልቁ ልጅ እግር ላይ የተደረገው ይበልጥ ያሳስበኛል። የተቃጠለና የተላጠ ሥጋ ላይ ጂቪ መቀባት ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ ቀለሙ አዲስ በሚያድገው ሥጋ ውስጥ ገብቶ እንደ ንቅሳት ሊቀር ይችላል። ሁለተኛ፣ ቁስሉ እያመረቀዘ ቢሆን አያሳይም። የሰው ልጅ ቁስል እየከፋ መሆኑን የሚያውቀው በመጀመሪያ በቅላቱ ነው፤ ቅላቱን ደግሞ ሸፍናችሁታል። ሦስተኛ ልጨምር ካልሽ፣ ጂቪ ጀርም ሁሉ አይገድልም። ግራም ፖዘቲቭ በሚባሉት ባክቴሪያዎችና በፈንገስ ላይ ጎበዝ ነው። ግራም ኔጋቲቭ የሚባሉት ግን ውጫዊ ሽፋን ስላላቸው ብዙም አይበግራቸውም። ቃጠሎ ላይ ከሚያስቸግሩት ውስጥ ደግሞ የኋለኞቹም አሉበት። «ተቀብቷል፣ አይመረቅዝም» የሚለው እምነት ለዚህ ነው የማይሠራው።

ስለዚህ እግሩን በንጹሕ ውኃና በሳሙና ቀስ ብለሽ እጠቢው፣ ቀለሙን ግን እልህ ይዞሽ አትፈትጊው። ንጹሕ ቫዝሊን ቀብተሽ በንጹሕ ጋዝ ሸፍኚው፣ በየቀኑ ቀይሪው። ከመዳፉ የሚሰፋ ከሆነ፣ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ከሸተተ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ፣ ሕፃኑን ስትወስጂ እሱንም አብረሽ ውሰጂው። የቲታነስ ክትባቱን ጨርሶ እንደሆነም ይዩልሽ። ለሌላ ጊዜ የሚሆን ደግሞ፣ ጭስ ማውጫ ሲያቃጥል ወዲያው የሚደረገው ነገር የቧንቧ ውኃ ሥር 20 ደቂቃ መያዝ ነው። ጂቪ አይደለም፣ የጥርስ ሳሙና አይደለም፣ ቅቤም አይደለም።

ታዲያ ጂቪ የት ይሁን? ያልተላጠ ቆዳ ላይ። ልጆች ላይ የሚወጡ ጥቃቅን መግል የቋጠሩ ነገሮች ላይ፣ መግሉና ቅርፊቱ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ 0.5 በመቶው በቀን 2 ጊዜ ለ5 ቀን ይቀባል። እዚያ ላይ ርካሽና ሁነኛ ነገር ነው፤ ለዚህ ነው ጤና ጣቢያዎች ያልጣሉት። ዓይን አጠገብ፣ ክፍት ቁስል፣ ብልት አካባቢ የተላጠ ቆዳ፣ እዚህ ሁሉ አይሆንም። አዲስ የተወለደ ልጅ እትብት ላይም አትቀቡት፤ ለዚያ የሚሰጠው የክሎርሄክሲዲን ጄል ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬ ልጆች አንገትና ጀርባ ላይ የሚፈላውን የሙቀት ሽፍታ ጂቪ የሚቀቡም አሉ። የሙቀት ሽፍታ ላብ ሲታፈን የሚመጣ ነው፤ ጀርም የለበትም። ልጁን ቀዝቀዝ ባለ ውኃ አጥቦ ስስ ጥጥ ልብስ ማልበስ ይበቃዋል። ለፍየልና ለግመል ቁስል የሚረጨውን ወይን ጠጅ ስፕሬይ «ያው ነው» ብሎ ለልጅ የሚያደርግ ካጋጠመሽ ደግሞ ተቆጪው፤ ብዙ ጊዜ ሌላ መድኃኒት የተቀላቀለበት ነው።

አንድ ነገር ማረጋገጥ እፈልጋለሁ። በርግጥ ጂቪ ነው የያዛችሁት? ሌላ ወይን ጠጅ ነገር አለ፤ ፐርማንጋኔት። ሰላጣ የሚታጠብበት፣ የሚያዣ ቆዳ የሚዘፈዘፍበት። በጥቋቁር ፍሬ መልክ ይሸጣል፤ ሲበጠበጥ ይመሳሰላሉ። ሥራቸው ግን ጨርሶ አይገናኝም። ፐርማንጋኔት የሚያቃጥል ኬሚካል ነው። ለቆዳ እንኳ ሲሆን አንድ እጅ ለ10 ሺህ እጅ ውኃ፣ ፈዛዛ ሮዝ እስኪሆን ነው የሚቀጥነው። ያልሟሟ ፍሬ የልጅ አፍ ውስጥ ከገባ ያቃጥላል። መለየት ቀላል ነው። አንድ ጠብታ ሶፍት ላይ ጣይና ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። ፐርማንጋኔት ወደ ቡናማ ይቀየራል፤ ጂቪ ወይን ጠጅ እንደሆነ ይደርቃል። ጽሑፍ በሌለው ጠርሙስ የተቀዳ ከሆነ ይህን ሞክሪ፤ ቡናማ ከሆነ ይዘሽ ሩጪ።

አቀማመጡም ድሬ ላይ ጉዳይ አለው። ክዳኑ ያልተጠበቀ ጠርሙስ በሙቀቱ ውኃው ይተንና ቀለሙ ይቀራል። አምና 0.5 የነበረው ዘንድሮ ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅም። አንገቱ ላይ አረንጓዴ የሚያንጸባርቅ ደረቅ ቅርፊት ካየሽ ያ የጠጠረ ቀለም ነው፤ ጥጡ እሱን ካነሳው በጣም ጠንካራ ነው። ያን ጠርሙስ ለሰው አትጠቀሙበት። ያገለገለ ጥጥ መልሶ ጠርሙሱ ውስጥ መንከርም ይቅር፤ የምትፈልጉትን ያህል ትንሽ ማንኪያ ላይ ቀንሱና የተረፈውን ድፉት። ከልጆች እጅ አርቁት፤ ለትልቁ ልጅ እንኳ ጭማቂ ሊመስለው ይችላል።

ሶፋው። ሳሙናና ሙቅ ውኃ ጂቪ አያስለቅቁም፤ ያሰፉታል። ነጭ ጨርቅ ስፒሪት ነክረሽ ከዳር ወደ መሃል ጫን ጫን አድርጊ፤ አትፈትጊ። ጨርቁ በተቀለመ ቁጥር ቀይሪው። በመጀመሪያ ግን ከሶፋው ጀርባ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሪ፤ የሶፋውን የራሱን ቀለም ይዞ ሊወጣ ይችላል። ነጭ ጥጥ ልብስ ከሆነ የቀጠነ በረኪና ያስለቅቀዋል። በረኪናና ስፒሪት፣ በረኪናና አቼቶ ግን በምንም ተዓምር አንድ ላይ አይሁኑ፤ ጎጂ ጋዝ ይወጣቸዋል። የልጁን ከንፈርና ቆዳ ደግሞ በስፒሪትም በበረኪናም አትንኪው፤ ቆዳው ሲታደስ አብሮ ይለቃል። የሶፋው እስከ ስፖንጁ ከገባ አትድከሚ፤ ሽፋን አሰፊለት።